የማጠቢያ ኬሚካል በቦርከና ወንዝ ውሃና ደለል ውስጥ መበስበሱን ለመፈተሽ

ኖኒልፌኖል ኤቶክሲሌት ጨርቃጨርቅ ለማጠብ የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ወንዝ ከገባ በኋላ ከውሃው ቶሎ ይቀንሳል፤ አብዛኛው ግን ደለሉ ላይ ተጣብቆ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ ረጅሙ ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ኖኒልፌኖል ይሆንና ይከማቻል፤ ይኸኛው ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ነው። ውሃውን ብቻ የለካ ሰው «ጠፍቷል» ብሎ ይደመድማል።

ናሙናውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ከኮምቦልቻ በታች ወንዙ ዝግ ከሚልበት መታጠፊያ ውሰዱ። በነሐሴ አትሂዱ፤ ጎርፉ የላይኛውን ደለል ይጠርገዋል። የሚፈለገው የላይኛው 5 ሳንቲሜትር ነው፦ ከላይ ስስ ቡናማ፣ ከሥሩ ጥቁርና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት። በራሱ በወንዙ ውሃ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት አጥልሉት። አታድርቁት፤ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ያልቃሉ። ዕቃው ሁሉ ብርጭቆ ይሁን፣ በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ማሟሚያ) ይለቅለቅ። በሳሙና የታጠበ ጠርሙስ ራሱ የምትፈልጉትን ኬሚካል ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የውስጥ ስፋቱ 9 ሳንቲሜትር በሆነ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ 160 ሚሊ ሊትር ደለል ጨምሩ፤ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በላዩ 480 ሚሊ ሊትር የወንዝ ውሃ። ጨለማ ቦታ፣ 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡና ደለሉን ሳታናውጡ ውሃው ውስጥ አየር በቀስታ ንፉ። ፒ ኤች (የአሲድነት ልኬት) እና ኦክስጅን እስኪረጉ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ኮምቦልቻ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ቢበዛ በሊትር 7.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፣ ደሴ 6.6። በባሕር ጠለል የሚጠቀሰውን 9.1 ፍለጋ አየሩን አታብዙ።

በየጠርሙሱ ኬሚካሉን 48 ማይክሮ ግራም ጨምሩ። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ከያዘ የሜታኖል ሙሙት 48 ማይክሮ ሊትር ብትጨምሩ፣ ሜታኖሉ ሙሉ በሙሉ ለመበስበስ ወደ 57 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሟሟው 3.5 ብቻ ነው። ሙሙቱን አሥር እጥፍ አወፍሩና 4.8 ማይክሮ ሊትር ስጡ። ኬሚካል ለማይገባባቸው ማነጻጸሪያ ጠርሙሶችም ያንኑ ያህል ሜታኖል ይድረሳቸው።

የመከኑ ጠርሙሶችም ያስፈልጋሉ። በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) 121 ዲግሪ ላይ ለሦስት ተከታታይ ቀናት አምክኑ፤ በአንድ ጊዜ ስፖሩ (ሙቀት የሚቋቋመው የባክቴሪያ ዘር) አይሞትም። እዚህ የሚቀንሰው ሕይወት ያለው ነገር የበላው አይደለም።

በ0፣ 1፣ 3፣ 7፣ 14፣ 28፣ 56 እና 100ኛው ቀን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ለሙሉ አውጥታችሁ ውሃውንና ደለሉን ለየብቻ መርምሩ። ዋናውን፣ ሰንሰለቱ ያጠረውንና ኖኒልፌኖሉን ሁሉንም ለኩ፤ ድምሩን ግን በሞል (በሞለኪውል ብዛት) ሥሩ። በሰንሰለቱ ዘጠኝ ኤቶክሲ (የሰንሰለቱ አሃድ) ያለው ሞለኪውል 616 ይመዝናል፣ ኖኒልፌኖል 220፤ 48 ማይክሮ ግራሙ በሙሉ ወደ ኖኒልፌኖል ቢቀየር ሚዛኑ 17 ያህል ብቻ ያሳያል። በክብደት ያሰላ ሰው ኖኒልፌኖሉ ምንም ሳይፈርስ 64 በመቶ በሰበሰ ይላል።