ደከም ያለ ተጣማሪ ይዤ መሸነፍ ያቆምኩበት መንገድ

በጥንድ ቴኒስ ስንሸነፍ ጥፋቱን ሁሉ ተጣማሪዬ ላይ እጭን ነበር። ጀማሪ ነው። ተጋጣሚዎቻችን ይህን ስላወቁ ኳሱን ሁሉ ወደ እሱ ይልካሉ። እኔ ልሸፍንለት ብዬ እየሮጥኩ ፊቱ እገባለሁ። ኳሱ ባዶ የተውኩት የራሴ ጎን ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ የነካሁት አቋቋሙን ነው። ሰርቭ ሳደርግ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት ስመታ) መረቡ ሥር ተለጥፎ ይቆምና ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መለስኩት። ዓይኑ ተከፈተ!

ከዚያ የእኔ ሰርቭ። ኃይሉን ቀንሼ ወደ መሀል መስመር መምታት ጀመርኩ። ከመሀል የሚመለስ ኳስ ማዕዘኑ ስለሚጠብ እሱን በጎን ማለፍ ይከብዳል። ለእሱ ደግሞ አንድ ምት ብቻ ሰጠሁት፦ በሰያፍ፣ በመረቡ መሀል አሳልፎ። መረቡ ምሰሶዎቹ ጋ 107 ሳንቲሜትር ሲሆን መሀሉ ላይ 91.4 ብቻ ነው። ለጀማሪ ይቺ ልዩነት ትንሽ አይደለችም።

ከሁሉ የከበደኝ አፌን መያዝ ነበር። ሲስት "ኧረ!" እላለሁ፤ እሱ ይባስ ይደነግጣል። አሁን "ቀጣዩን" ብቻ ነው የምለው።

ባለፈው 6 ለ 4 አሸነፍን። የመጨረሻዋን ነጥብ ያመጣው እሱ ነው። በራኬቱ ጠርዝ ነው የመታት፣ ግን ያው ነጥብ ናት።