ስኳር ሳይገባበት የሚጣፍጥ የቡና ቁርስ

ስኳር የተወደደባችሁ፣ ቅቤማ የማይታሰብ የሆነባችሁ የወሎ ልጆች፣ ይቺን ሞክሯት። ዋናው ነገር በሶ ነው። የደጋው ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ከሰልም ጋዝም ተረፈ ማለት ነው።

ጣፋጩን የምታመጡት ከሙዝ ነው። ልጣጩ የጠቆረውን፣ ነጋዴዎች ወደ ማታ ቀንሰው የሚሸጡትን ምረጡ። ሙዝ እየበሰለ ሲሄድ ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳርነት ይቀየራል። ስለዚህ ያ ሰው የሚንቀው ሙዝ ከቢጫው ይልቅ ይጣፍጣል። የሸተተና የሻገተ ከሆነ ግን ተዉት።

1 ትልቅ ሙዝ በሹካ ድፍጥጥ አድርጉ። ቁንጥር ጨው ጨምሩበት፤ ጨው ጣፋጩን ያጎላዋል፣ እንዳትዘሉት። ከዚያ በሶውን በማንኪያ በማንኪያ እየነሰነሳችሁ እሹት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ገና እጅ ላይ ትንሽ እየተጣበቀ ሳለ አቁሙና 10 ደቂቃ ክደኑት። በሶው እርጥበቱን ቀስ ብሎ ይመጥጣል። መጀመሪያውኑ ካደረቃችሁት፣ በኋላ ይፈረካከሳል።

አሁን እንደ ለውዝ ፍሬ አነስ አነስ አድርጋችሁ አድቦልቡሉት። የተቆላ ሰሊጥ ካለ ወቀጥ አድርጋችሁ አንከባልሉበት፤ የቅቤውን ቦታ ይሸፍናል። ኑግም ይሆናል። ከሌለ ባዶውንም ይበላል።

ለጾምም ለማፍጠሪያም ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከአቦል ጋር ነው የምወደው። ሙዙ ስለማይቆይ የዛሬውን ዛሬ ጨርሱት።