የጌም ሽፋን ችግርና መፍትሄ፦ ስቲም ላይ ሰው ለምን ያልፈዋል?

ጌሙ ተሠርቶ አልቋል። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ ገጹ ተከፍቷል። ሰው ግን አይገባም። ያኔ «እስቲ ሽፋኑን እይልኝ» ብሎ የሚደውልልኝ ብዙ ነው። ሥራዬ የጌም ሽፋን መሥራት ነው። ከባዶ ከምሠራው ይልቅ ግን ሌላው የሠራውን የማስተካክለው ይበዛል። ፋይል አወጣጥና የቀለም አቀማመጥ ታውቃላችሁና እዘለዋለሁ። አንዱን ብልሽት እስኪሰለቸኝ አይቼዋለሁ፤ ከእሱ ልጀምር።

ምልክት፦ ትልቁ ያምራል፣ ዝርዝር ውስጥ ግን ጌሙ የለም

ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሽፋኑ በትልቁ ተሠርቶ፣ በትልቁ ታይቶ፣ በትልቁ ተወዶ ነው የጸደቀው። ገዢው ግን የሚያየው ትንሹን ነው።

ስቲም ትንሹን ካፕሱል (የሽፋን ሥዕልን እንዲህ ነው የሚለው) በ462 በ174 ፒክሰል ይቀበላችኋል። ከዚያ ራሱ አሳንሶ በ184 በ69 እና በ120 በ45 ያወጣዋል። በተራ ስክሪን ላይ 120 በ45 ማለት ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ነገር ነው። ሰው በዝርዝር መሃል እየወረደ ያችን ያያል፣ ወይም ያልፋታል።

ባለፈው ክረምት ሁለት ወንድማማቾች ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ሦስት ዓመት የደከሙበት ጌም ነው። የጌሙን ስም ልቀይረውና «የጠፋው ንጉሥ የመጨረሻ ጉዞ» እንበለው። ሽፋኑ ላይ ፈረስ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ተራራ አለ፣ ከኋላ ደግሞ አራት ወታደር። ስሙ ከታች በብሩሽ ፎንት፣ በአንድ መስመር ተጽፏል። ታላቅየው «ቆንጆ ነው እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው።

ወደ 120 በ45 አሳነስኩትና የካፌውን አስተናጋጅ ጠራሁ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?» ጎንበስ ብላ አየች። «ጽሑፍ አለው እንዴ?» አለች። ታናሽየው ዝም ብሎ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። ሥዕሉን የሠራው እሱ ነበር።

ሒሳቡን አብረን ሠራን። ስሙ 14 ፊደልና 3 ክፍተት አለው፣ በድምሩ 17 ቦታ። 120 ፒክሰልን ለ17 ስታካፍሉት ለአንድ ፊደል 7 ፒክሰል ይደርሰዋል። አሁን «ጠ»ን አስቡት። ሦስት እግርና በመሃላቸው ሁለት ክፍተት አለው። ለእያንዳንዱ 1 ፒክሰል ብቻ ብትሰጡት እንኳ 5 ፒክሰል አለቀ። ብሩሽ ፎንት ሲሆን ደግሞ እግሮቹ ይጣበቁና ጉብታ ይሆናል።

በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ስም ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው። የኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ንጉሥ» ላይ የ«ጉ» ቅጥያ ከጠፋች የሚነበበው «ንገሥ» ነው። ስማችሁ ደበዘዘ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነው። ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚቀላቅሉ ፎንቶች ቀጭኑን መስመር ሲያንሱ ይጥሉታል። በነፃ የሚዞሩት «ጌም ፎንት» የሚባሉትማ ጭራሽ አይቀርቡም። ጠርዛቸው የተቦጫጨቀ፣ ክፍተታቸው ያልተለካ ነው። እባካችሁ ለሦስት ዓመት ልፋት በሁለት ደቂቃ የወረደ ፎንት አታልብሱ።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። 120 በ45 የሆነ ባዶ ፋይል ክፈቱ። ሥዕሉን እርሱት። ስሙን ብቻ ጻፉ፣ ሳታጎሉ በእውነተኛ መጠኑ እዩት። ካልተነበበ መስመር ጨምሩ። የወንድማማቾቹን ስም በሁለት ስንከፍለው «የጠፋው ንጉሥ» 8 ቦታ ሆነ፣ «የመጨረሻ ጉዞ»ም 8። ለአንድ ፊደል 7 የነበረው 15 ፒክሰል ደረሰው። እግር ያለው ፊደል መተንፈስ ጀመረ።

ከዚያ ውፍረቱ እኩል የሆነ ፎንት ምረጡ። በፊደላቱ መሃል ክፍተት ስጡ። ቅጥያዎቹን በእጃችሁ አሳድጓቸው፤ እኔ የ«ጉ»ን ቅጥያ ከነበረችበት እጥፍ አድርጌያታለሁ፣ በትልቁም ቢሆን ማንም አላስተዋላትም። በትንሹ ካፕሱል ላይ ስሙ ቦታውን ሊሞላው ይገባል። ከጀርባው አንድ ፊት ወይም አንድ ቅርጽ ይበቃል። ወታደሮቹን አወጣናቸው። ጨረቃዋም ወጣች። ፈረሱ ላይ ተከራከርን፤ በመጨረሻ አንገቱና ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ።

ስሙን በግዕዝም በላቲንም ማድረግ የሚፈልጉ አሉ። ትንሹ ላይ ሁለቱንም ከጫናችሁ ሁለቱም አይነበቡም። አንዱን ምረጡ። ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ያለው ትልቁ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ትልቁን አሳንሳችሁ ትንሽ አታድርጉ። ለየብቻ አዘጋጁት። ዋናው 1232 በ706፣ የገጹ ራስጌ 920 በ430፣ ቋሚው 748 በ896 ነው። ቅርጻቸው አይገናኝም። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ለማውጣት የሞከረ ሰው ወይ የጀግናውን ግንባር ይቆርጣል፣ ወይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል። ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ላይቭ ከሆነ በኋላ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሽፋናችሁን ነጭ ገጽ ላይ ብቻውን አትፍረዱበት። የስቲምን ዝርዝር ስክሪንሾት አንሱ፣ የናንተን በሌሎቹ መሃል ለጥፉ። ከዚያ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ለአንድ ሰከንድ አሳዩትና መልሳችሁ ደብቁት። «ምን ይላል?» በሉት። ጓደኛ አይሆንም። ጓደኛ ስሙን ስለሚያውቀው ያነበበ ይመስለዋል።

ምልክት፦ ይነበባል፣ ግን ጨልሞ ይሰምጣል

የስቲም ገጽ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። የሌሊት ትዕይንት፣ ሰማያዊ ጭጋግ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ጀግና ከገጹ ጋር ይዋሃዳል። ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ጀግናውና ጀርባው አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ቀለም በመጨመር አይድንም። ብርሃኑን ነው የምትቀይሩት፤ ከጀግናው ኋላ አብሩ። የኮምፒውተራችሁን ስክሪን ብርሃን ቀንሳችሁም እዩት። ብዙ ተጫዋች ማታ የሚያየው እንደዚያ ነው።

ምልክት፦ ሰው ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል

ሽፋኑ ሌላ ጌም ነው ቃል የገባው። የካርድ ጌም ሆኖ ሽፋኑ ላይ ሰይፍ የመዘዘ ጀግና ካለ፣ የገባው ሰው ሰይፍ ፈልጎ ነው የገባው። ስክሪንሾቱን ሲያይ ይሄዳል፣ አልፈርድበትም። ተጫዋቹ እጁ ላይ የሚሠራውን ነገር አሳዩ። ካርድ ከሆነ ካርዱ ይታይ።

ምልክት፦ ስቲም መለሰው

ከመስከረም 2022 ወዲህ (በፈረንጆቹ) ደንቡ ግልጽ ነው። ካፕሱል ላይ የሚፈቀደው የጌሙ ሥዕል፣ ስሙና ይፋዊ ንዑስ ርዕሱ ብቻ ነው። የሽልማት ስም፣ የሃያሲ ነጥብ፣ «ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ አይፈቀድም። ትልቅ ዝማኔ ለማስተዋወቅ ከፈለጋችሁ ለዚያ የተለየ ጊዜያዊ ሽፋን አለ፣ በእሱ ተጠቀሙ። ዋናውን አትንኩ። ደም የበዛበትና እርቃን ያለበት ሥዕልም ይመለሳል፤ ሽፋኑ ለሰፊው ተመልካች የሚሆን መሆን አለበት።

ምልክት፦ ላይብረሪ (ተጫዋቹ የገዛቸው ጌሞች የሚቀመጡበት የስቲም ክፍል) ውስጥ ስሙ ሁለት ጊዜ ይታያል

3840 በ1240 የሆነው ሰፊው ሥዕል ላይ ስም ጽፋችኋል። አጥፉት። ስሙ ጀርባ በሌለው ፒኤንጂ ለብቻው ይገባል፣ ስቲም ራሱ ይደርበዋል።

ምልክት፦ ፕሌይ ስቶር ላይ አዶው ጥግ ጥጉ አስቀያሚ ነው

ጥጉን ራሳችሁ አክብባችሁታል። 512 በ512 ሙሉ ካሬ ላኩ፣ ጎግል ራሱ ጥጉን ያከብበዋል። 1024 በ500 በሆነው ሰፊ ሥዕል ላይ ደግሞ መሃሉን ለፊት ወይም ለስም አትስጡት። ቪዲዮ ካላችሁ የማጫወቻው ምልክት እዚያው ላይ ይቀመጣል።

ምልክት፦ ሁሉም ትክክል ነው፣ ግን ደብዛዛ ነው

ፋይሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ነው የተላከው። ቴሌግራም ፎቶን ይጨምቀዋል፣ ጠርዙ ይፈርሳል። እንደ ፋይል ላኩ። ይህን በየሳምንቱ እላለሁ፣ በየሳምንቱም እንደ ፎቶ ይመጣል።

ሥዕል ስታሠሩም ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ሌየሩ (ሥዕሉ የተሠራበት ንብርብር) ያልተዋሃደውን ፋይል ተቀበሉ። ጀግናው፣ ጀርባው፣ ስሙ ለየብቻ። ወንድማማቾቹ ይዘው የመጡት አንድ ጄፔግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወታደሮቹን ማውጣት አንችልም ነበር። ሥዕሉን የሠራው ታናሽየው ስለሆነ ሌየሩ እጁ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ማታውኑ ጨርሰን ጫንነው።