በስደተኞች መጠለያ ፎቶ ስታነሱ

መጀመሪያ የስልካችሁን ወይም የካሜራችሁን ጂፒኤስ አጥፉ። ካልጠፋ የተነሳበት ቦታ ከፎቶው ጋር ሊመዘገብ ይችላል። ከአሳዳጅ ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይህ አደጋ ነው። ፊቴ አይታይ ካለ እጁን ወይም ጀርባውን አንሱ።

ፈቃድ ስትጠይቁ ፎቶው የት እንደሚወጣ በግልጽ ንገሩት። እርዳታ ያመጣልኛል ብሎ እሺ የሚል አይጠፋም፤ እንደዚያ ዓይነት ተስፋ በፍጹም አትስጡ። ለልጆች ደግሞ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቅ።

ችግርን ለማሳየት የሚያለቅስ ሕፃን መፈለግ አያስፈልግም፤ እኔ ጨርሶ አልወደውም። የውሃ ወረፋው፣ ድንኳን ውስጥ ፀጉር የሚቆርጠው ወጣት፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ጥግ ብዙ ይናገራሉ። የቀትር ፀሐይ ካስቸገረ ነጭ ሸራ ሥር አንሱ። ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ፊት ላይም ጥቁር ጥላ አይወድቅም።