ጃርቷ ተጠቅልላ አልፈታ አለች? መጀመሪያ ሆዷን ዳብሱ

ጃርት ስል ድንች ማሳ የምትጨርሰዋን ባለ ረጅም እሾኋን አይደለም። መዳፍ ላይ የምትቀመጠዋን ትንሿን ነው። ቀን ቀን አለመቀስቀስን፣ እጅ መታጠብን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ተጠቅልላ አልፈታ አለች። የምኖረው ብርዳሙ ሱሉልታ ነው፤ ሰው በብዛት የሚጠራኝም ለዚሁ መጠቅለል ነው። «አልለመደችኝም፣ ትፈራኛለች» ይሉኛል። ድምፅ ታሰማለች ወይ? የፈራች ጃርት ስትነኳት ፍፍ ፍፍ ትላለች፣ ግንባሯን ታኮሳትራለች፤ ሆዷ ግን ሙቅ ነው። ዝም ካለች፣ ሆዷ ከቀዘቀዘ፣ ስትራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደች ብርድ ነው። 24 ዲግሪ አካባቢ ትፈልጋለች። ከ18 በታች ሲወርድ ሰውነቷ የብርድ እንቅልፍ ይጀምራል፤ የእሷ ዘር ደግሞ ያንን እንቅልፍ አይችለውም፣ እዚያው ትቀራለች። የእኛ ሰፈር ቆርቆሮ ቤት በኅዳር ሌሊት 18 ዲግሪን በህልሙም አያየው።

ባለፈው ታኅሣሥ የጎረቤት ልጅ በካርቶን ይዟት መጣ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ድንጋይ ሆናለች። አባትየው ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሷል። ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አስገባኋትና ጋቢ ደረብኩ። አቦሉ ተጠጣ፣ ምንም። ቶናው ላይ አፍንጫዋ ተነቃነቀ። በረካው ሲቀዳ ደረቴን ወጋችኝ።

ሌላው መንገድ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ ነው። የፈላ አይደለም! ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ እሷም ትቃጠላለች። ውሃ ውስጥ አትንከሯት። ሳትነቃ አታብሏት። ከሰል በተዘጋ ክፍል አታንድዱ፤ እናንተንም ይዟችሁ ይሄዳል። «ማሞቂያ ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ አምፖልም ተዉት። አንዱን ገዝቼ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ እጄን እንኳን አላሞቀም፤ ለካ ቀይ ቀለም የተቀባ ኤልኢዲ ነው።

ሙቅ ናት፣ ግን ፍፍ ትላለች። ማላመድ የሚጀመረው አሁን ነው። የለበሳችሁትን ያልታጠበ ቲሸርት ሳጥኗ ውስጥ አስገቡ። በየማታው ግማሽ ሰዓት ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። ከላይ አትያዟት፤ ሁለት እጅ ከጎንና ከጎን፣ ከሆዷ ሥር። ጓንት አውልቁ፣ ሽታችሁን እንጂ ጓንት መልመድ የለባትም። ስትጠቀለል ደንግጣችሁ ወደ ሳጥኗ አትመልሷት። ከመለሳችኋት መጠቅለል እንደሚያዋጣት ተማረች ማለት ነው።

ነከሰች። ሽንኩርት የከተፈ እጅ ሰጥታችኋታል። ጣታችሁን አትጎትቱ፣ ትለቃለች።

አረፋ ደፍቃ እሾኋ ላይ ቀባች። አላበደችም፤ አዲስ ሽታ ሲያጋጥማት የምታደርገው ነው። አንዲት ጎረቤቴ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብላ ሰፈሩን አሸብራ ነበር። ጥፋቱ የአዲሱ ሳሙናዬ ነው።

እሾኋ ረገፈ። ጨቅላ ከሆነች እየቀየረች ነው፣ ያማታል፣ ታገሷት። ትልቅ ሆና የምታክክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እከክ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ተቅማጥ። ወተት ሰጥታችኋታል፣ አይደል? ድመት አይደለችም።