ሎደሩ ሲደክም ፓምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት መጋጠሚያውን እዩ

አሮጌ ትራክተር ላይ የተገጠመ ሎደር (በዘይት ግፊት ከፊት ባልዲ የሚያነሳው ክንድ) መንቀርፈፍ ሲጀምር ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "ፓምፑ አልቋል።" ፓምፕ ደግሞ ውድ ነው፣ መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቱቦዎቹንና መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ።

መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ማንሻውን ስትስቡ ሎደሩ ቀስ እያለ፣ ባልዲው ባዶ ሆኖ እንኳ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን የሚመልሰው) የሚጮህ ከሆነ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው። መንገዱ ስለጠበበ ግፊቱ እዚያው አልቆ ዘይቱ በቫልቩ በኩል ይመለሳል። ምንም ሳይጮህ የሚዘገይ ከሆነ ግን ዘይቱ ራሱ እየመጣ አይደለም ማለት ነው፤ የዘይቱን መጠን፣ የመምጠጫውን ወንፊት፣ ከዚያ ፓምፑን እዩ። ሌላም ምልክት አለ። ጠዋት ደህና ሠርቶ ዘይቱ ሲሞቅ የሚደክም ሎደር ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለቀ ፓምፕ ወይም የተበላ የሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋ ጎማ) አለው።

ማሲ ፈርጉሰን 135ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ውስጥ የተሠራ ጠንካራ ትራክተር ነው። የውስጥ ፓምፑ የታሰበው ግን ማረሻ ለማንሳት እንጂ ለሎደር አይደለም። በደቂቃ የሚሰጠው ዘይት 20 ሊትር እንኳ አይሞላም። ከዚህ ፓምፕ ዘይት ቀድታችሁ ለሎደር ስትሰጡ የኋላ ክንዶቹን የሚዘጋ ቫልቭ ከሌለ ዘይቱ የሚቀለውን መንገድ ስለሚመርጥ፣ መጀመሪያ ክንዶቹ እስከ ላይ ይወጣሉ፣ ሎደሩ ቆሞ ይጠብቃል። ይህንን ብዙ ሰው እንደ ፓምፕ ብልሽት ይቆጥረዋል።

አሁን ስፋቱን እናስላ። 20 ሊትር በደቂቃ ሩብ ኢንች ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሮጣል። ይህ በጣም ብዙ ነው። በ3/8 ኢንች ወደ 5 ሜትር ይወርዳል፣ በግማሽ ኢንች ደግሞ ወደ 2.6። ለግፊት መስመር ከ5 እስከ 6 ሜትር ይበቃል፤ ለመመለሻው ግን ከ3 ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ ቢያንስ መመለሻውን ግማሽ ኢንች አድርጉት። ውጪ የተጨመረ ትልቅ ፓምፕ ካላችሁ ሁለቱንም። ቱቦው ሰፊ ሆኖ ጫፉ ላይ ያለው ክርን ወይም መቀነሻ ጠባብ ከሆነ ግን ምንም አልተጠቀማችሁም። ፍቱና ቀዳዳውን በዓይናችሁ እዩት።

ዋናው ተጠርጣሪ ኩይክ ካፕሊንጉ፣ ማለትም ወንድና ሴት ሆኖ በእጅ ቶሎ የሚገጥመውና የሚላቀቀው መጋጠሚያ ነው። ወንዱን በእጃችሁ ያዙና መሃሉ ላይ ያለችውን ጫፍ በእንጨት ተጫኗት። ሳትንገዳገድ ገብታ ወዲያው ካልተመለሰች አሸዋ ወይም ዝገት ይዟታል። ከዚያ የወንዱና የሴቷ ዓይነት አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዱ በኳስ የሚዘጋ፣ ሌላው በሾጣጣ ቫልቭ የሚዘጋ ሆኖ ቢገጣጠሙ እንኳ ሙሉ ላይከፈቱ ይችላሉ። ባልዲው ወጥቶ አልወርድም ካለ የመመለሻው ካፕሊንግ መሃል ላይ ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ሎደሩ ከፍ ብሎ እያለ መጋጠሚያ አትፍቱ፤ መጀመሪያ የሎደሩን ክንዶች በጠንካራ ብረት ደግፏቸው።

ፀሐይ ላይ የዋለ ቱቦ አልገጥምም ሲል በመዶሻ የሚመታው ሰው ብዙ ነው። ውስጡ ግፊት ቀርቶበት ነው። ዕቃውን ከማላቀቃችሁ በፊት ባልዲውን መሬት ላይ አሳርፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ማንሻዎቹን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። በመዶሻ ከተመታ ጫፉ ይላላጥና ኦሪንጉን (ዘይት የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) ይቆርጣል።

ጥርሱን ሳታውቁ አታጥብቁ። የእንግሊዝ ትራክተሮች አብዛኛውን ጊዜ ቢኤስፒ የሚባለው የጥርስ ዓይነት አላቸው፣ የአሜሪካኖቹ ኤንፒቲ የሚባለው። ግማሽ ኢንቹ በሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላለው ደህና የገጠመ ይመስላል፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ዛሬ ባይንጠባጠብ ነገ ይንጠባጠባል። በሾጣጣ ፊት ወይም በኦሪንግ የሚዘጋ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን አትጠቅልሉ፤ ቁራጩ ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ያግዳል።

አዲስ ቱቦ ስታሠሩ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ግማሽ ኢንች 1ኤስኤን የተባለው የቱቦ ዓይነት አንድ የሽቦ ድር ብቻ ስላለው 160 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው የሚሸከመው፤ ሁለት ድር ያለው 2ኤስኤን 275 ይችላል። ሲስተሙ 170 ባር ገደማ ከደረሰ የመጀመሪያው አይበቃም። ጫፉም በማሽን ይጨመቅ፣ በቡሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ለዚህ ግፊት አይሆንም።

ፍሳሽ ስትፈልጉ በእጃችሁ አትዳስሱ፣ ካርቶን ተጠቀሙ። ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ዘይቱን አሙቁ፣ የሞተሩን ዙር እንደቀድሞው አድርጉ፣ ባዶ ባልዲ ከመሬት እስከ ላይ የሚወስድበትን ጊዜ ከጥገናው በፊት ከያዛችሁት ጋር አወዳድሩ። ለውጥ ከሌለ የግፊት ጌጅ አስገቡና ከትራክተሩ መመሪያ ጋር አስተያዩ። የሴፍቲ ቫልቩን ቪቴ አጥብቆ ጉልበት ለመጨመር መሞከር ግን የፊት አክሱን፣ ቱቦውንና ከባልዲው ሥር የሚያልፈውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል።