ከአበቦቹ ጋር አልዋሃድ ያለችው ሴት

በጽጌረዳዎች መሃል የቆመች፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት በአክሪሊክ (ቶሎ በሚደርቅ፣ በውሃ በሚቀጥን ቀለም) እየሳልኩ ነበር። ፊቷም እጇም ደህና ወጥቷል። ግን ከመጽሔት ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም፤ የፈታሁበትን ልንገራችሁ።

ቁልፉ ያለው ጥላው ላይ ነው። የቀሚሷ ጥላ ደረቅ ግራጫ ነበር። ደጅ ያለ ነጭ ልብስ ግን በጥላው በኩል ከሰማዩ ሰማያዊ፣ ከሣሩ አረንጓዴ ይወስዳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1866 አካባቢ በሳለው «ሴቶች በአትክልት ስፍራ» ላይ የነጫጭ ቀሚሶቹን ጥላ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እኔም ግራጫው ላይ በነጭ የቀጠነ አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም) ደረብኩበት። ወደ ቀሚሷ ጫፍ ስወርድ የሣሩን አረንጓዴ ጨመርኩ። አገጯ ሥር ሳይቀር አረንጓዴ ነካ አደረግኩ። ይሄኔ ሴትዮዋ መሬት ረገጠች!

ቀጥሎ ጠርዙ። የፊቷንና የትከሻዋን ጥርት እንዳለ ተውኩት። ቀሚሷ ከአበባው የሚገናኝበትን ግን አዲስ ቀለም ደርቤ፣ ገና ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ አደበዘዝኩት። አክሪሊክ ጊዜ አይሰጥም፤ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ ሥሩ።

አበቦቹስ? ከፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ጽጌረዳዎች ብቻ በዝርዝር ሳልኩ። የኋለኞቹን በጠፍጣፋ ብሩሽ ጣል ጣል አድርጌ፣ ቀዩ እንዳይጮህ ጥቂት አረንጓዴ ቀላቀልኩበት። አሁን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊቷ ላይ ነው።